አንድ ማቴሪያል «በእጃችሁ መርምሩ» ተባልን፤ ከየት ነው የሚጀመረው?

አዲሷ_ዲዛይነር

ሰላም ለሁላችሁም። የኢንቴሪየር ዲዛይን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለስቱዲዮ የተሰጠን የመጀመሪያ ሥራ እንዲህ ይላል፦ አንድ ማቴሪያል ምረጡ፣ በእጃችሁ መርምሩት፣ ወንበር ወይም መብራት ወይም ሌላ አገልግሎት የሚሰጥ ዕቃ ግን እንዳትሠሩ። በቃ። ሌላ ማብራሪያ የለም።

እኔ ካርቶን መረጥኩ። የትም ይገኛል፣ ቢበላሽም አያሳዝንም። አጠፍኩት፣ ቆረጥኩት፣ ፎቶ አነሳሁት። ከዚያ በኋላ ግራ ገባኝ። ከክፍላችን ግማሹ ከኢንተርኔት የሚያምር ምስል እየለቀመ ነው። የቀረው የጨርቅና የንጣፍ ናሙና ሰብስቦ ቦርድ ላይ ይለጥፋል። «ምርመራ» የሚባለው የቱ ነው? ነጥብስ የሚሰጠው በምን ነው? ያለፋችሁበት ሰዎች እስኪ ጠቁሙኝ።

መላጊያ

እህቴ፣ «ዕቃ እንዳትሠሩ» የሚለው ነው ዋናው ነገር። ወንበር ሥሩ ቢሏችሁ ኖሮ ሐሳባችሁ ሁሉ ወንበሩ ላይ ይውል ነበር። ካርቶኑን ማን ዞር ብሎ ያየዋል?

አሁን ካርቶኑን አንሺና ጠርዙን በደንብ እዪው። በሁለት ልሙጥ ወረቀቶች መሀል ሞገድ የሠራ ወረቀት ተጣብቋል። ሞገዱን ተከትለሽ ስታጥፊው እሺ ይላል፣ መስመሩም ንጹሕ ነው። አቋርጠሽ ስታጥፊው ግን መጀመሪያ እምቢ ይላል፣ ከዚያ ድንገት ይሰበርና ፊቱ ይጨማደዳል። ካርቶኑ አንድ ነው፤ ጠባዩ ግን እንደ አቅጣጫው ይለያያል።

ከዚህ ጥያቄ አውጪ። ለምሳሌ፣ ክብደት የሚሸከመው በየትኛው አቅጣጫ ነው? እኩል የሆኑ ሁለት ቁራጮች ቁረጪ። በአንደኛው ሞገዱ ቁልቁል ይውረድ፣ በሁለተኛው አግድም ይተኛ። ሁለቱንም አጥፈሽ ባለ ሦስት ጎን ቱቦ አድርጊያቸው። አቁሚያቸውና ከላያቸው መጽሐፍ ደርድሪ። እስኪወድቁ ድረስ ጨምሪ። ሲወድቁ ደግሞ እንዳትጥያቸው። ከየት እንደተሰበሩ በእርሳስ ምልክት አድርጊ፣ ፎቶ አንሺ።

አደራ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ። አቅጣጫውንም ቁመቱንም ሙጫውንም አንድ ላይ ከቀያየርሽ ቱቦው በምን እንደወደቀ አታውቂም።

ስቱዲዮ_ረዳት

ስለ ነጥቡ እኔ ልመልስ። የአንደኛ ዓመት ስቱዲዮ ላይ አግዛለሁ፤ እንዲህ ያለ ሥራ ብዙ አርሜአለሁ። እኔ መጀመሪያ የማየው አንዱ ሙከራ ሌላውን መውለዱን ነው። ጠረጴዛ ሙሉ የማይገናኝ ነገር ከመደርደር አንዱ ከሌላው የተነሣ ጥቂት ቁራጭ ይበልጣል። ከእያንዳንዱ ቁራጭ ሥር ሦስት አጭር ነገር ጻፊ፦ ምን ጠየቅሽ፣ ምን አደረግሽ፣ ምን ሆነ። «ውብ ሸካራነት» ምናምን የሚል ቅጽል አያስፈልግም። እሱ ለምረቃ ኤግዚቢሽን ይቆይ።

ሥራው አዲስ ፈሊጥም አይደለም። ባውሃውስ የተባለው የጀርመን የሥነ ጥበብና የዲዛይን ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1919 ቫይማር ከተማ ላይ ሲከፈት ዮሃንስ ኢተን ያቋቋመው የመሰናዶ ኮርስ ነበረው። ተማሪው ወርክሾፕ ከመግባቱ በፊት እሱን ማለፍ አለበት። በ1923 ኢተን ሲለቅ ኮርሱ ወደ ላስሎ ሞሆይ ናጊና ወደ ጆሴፍ አልበርስ ተላለፈ። ሞሆይ ናጊ ተማሪዎቹን የመዳሰሻ ሰሌዳ ያሠራቸው ነበር። ከለስላሳ ወደ ሸካራ፣ ከጠንካራ ወደ ልፍስፍስ እየተደረደረ፣ ዓይን ሳይሆን ጣት የሚያነበው ሰሌዳ ነው።

የአልበርስ ግን ለአንቺ ይቀርባል። ጋዜጣ ያድላቸውና «ሳታባክኑ ከዚህ አንድ ነገር አውጡ» ብሎ ይወጣል። አንድ ተማሪው በኋላ እንዳወጋው፣ ሲመለስ ጭምብል፣ ጀልባ፣ ግንብ፣ አውሮፕላን ተሠርቶ ጠበቀው። እሱ ግን እነዚህ በሌላ ማቴሪያል ቢሠሩ ይሻላቸው ነበር አለ። የወደደው ጋዜጣውን አንዴ አጥፎ ያቆመውን ልጅ ሥራ ነው። ጠፍጣፋ ሆኖ የሚልፈሰፈስ ወረቀት አንድ እጥፋት ሲያገኝ በጠርዙ ይቆማል። ግንቡን ሲሠሩ የዋሉት ልጆች እንዴት እንደተናደዱ ይታየኛል።

እውነቱን_ልናገር

ቅር አይበላችሁና እኔ ሌላ ነገር ልበል። በዚህ ሙያ ቆይቻለሁ። ቢሮ ስትገቡ ጋዜጣ እጠፉ የሚላችሁ የለም። የምትጠየቁት ይህ ንጣፍ እሳት ይችላል ወይ፣ በምን ይጸዳል፣ ውፍረቱ ስንት ነው፣ ሲያልቅ መልሶ ይገኛል ወይ ነው። አዲስ ተመራቂ ይመጣል፤ ማቴሪያል «ይሰማኛል» ይላል፤ የቴክኒክ መግለጫ ወረቀት ስትሰጡት ግን ማንበብ አይችልም። ኤምዲኤፍን (ከደቀቀ የእንጨት ጭረት የተጨመቀ ሰሌዳ) ከቺፑድ (ከእንጨት ፍርፋሪ የተጨመቀ ሰሌዳ) የማይለይ ልጅ ስለ ካርቶን ነፍስ ቢያወራ ምን ይጠቅመኛል?

ላሜራ

ጋሼ፣ ቅሬታው ልክ ነው። ግን ወረቀቱን ለማንበብም እኮ እጅ ይረዳል።

የትኛውም ስቱዲዮ ውስጥ የሚሠራ ሙከራ ልንገራችሁ። አንድ የአልሙኒየም ሳህንና አንድ የእንጨት ጣውላ እዚያው ክፍል ውስጥ አሳድሩ። በማግስቱ ተማሪዎቹ በእጃቸው ይንኩ። ሁሉም አልሙኒየሙ ይቀዘቅዛል ይላል። ቴርሞሜትር ሲቀመጥ ሁለቱም እኩል ናቸው። ቀጥላችሁ «በረዶ ቶሎ የሚቀልጠው የቱ ላይ ነው?» በሏቸው። አብዛኛው «ሞቅ ያለው» እንጨት ላይ ይላል። እኩል የበረዶ ቁራጭ አስቀምጡ። አልሙኒየሙ ላይ ያለው ዓይናችሁ እያየ ይሟሟል፣ ዙሪያውን ውሃ ያቀራል፤ እንጨቱ ላይ ያለው ብዙም ሳይለወጥ ቁጭ ብሏል።

ምክንያቱም እጃችን የሚያውቀው የዕቃውን ሙቀት አይደለም። ከቆዳችን ሙቀት በምን ፍጥነት እንደሚወሰድ ነው። አልሙኒየም ከእጅም ይወስዳል፣ ለበረዶውም ይሰጣል። አሁን መግለጫ ወረቀቱን አምጡላቸው። የሙቀት አስተላላፊነት በሚለው መስመር መዳብ ወደ 400 ዋት በሜትር ኬልቪን አለው፣ ንጹሕ አልሙኒየም ከ230 በላይ፣ ማይዝግ ብረት 15 ገደማ፣ እንጨት ከ0.1 እስከ 0.2። በረዶውን ያየ ልጅ ይህን ቁጥር አይረሳውም። የበር እጀታ ሲመርጥ፣ በባዶ እግር የሚረገጥ ወለል ሲመርጥ ትዝ ይለዋል። ማይዝግ ብረት ከአልሙኒየም ለምን «ሞቅ» እንደሚል እንኳ ራሱ ይደርስበታል።

ድርና_ማግ

ጨርቅ የመረጠ ካለ፦ አራት ማዕዘን ቁራጭ ያዙና በድሩ አቅጣጫ ሳቡት። ቀጥሎ በማጉ። ቀጥሎ ከጥግ ወደ ጥግ። ድርና ማግ ላይ ብዙም የማይሰጠው ጨርቅ ከጥግ ወደ ጥግ ሲሳብ ይለጠጣል፤ ካሬው ተጣሞ ሌላ ቅርጽ ይሆናል። ክብ ነገር ላይ ጨርቅ ሳይጨማደድ የሚለብሰው በዚህ ጠባዩ ነው። መጋረጃ በዚህ አቅጣጫ ተቆርጦ ከተሰቀለ ግን ከጊዜ ጋር ይረዝማል፣ ታችኛው ጫፉም ይወላገዳል።

ክር መለየት ለምትፈልጉ የማቃጠል ሙከራ አለ። ጥጥ ቶሎ ይያያዛል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ ስስ አመድ ይተዋል። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ ራሱ ይጠፋል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠንካራ እንክብል ይሆናል፤ ያ ቅላጭ ቆዳ ላይ ከነካ ይጣበቃል። ስለዚህ ደጅ፣ በወረንጦ፣ ጣት በምታክል ቁራጭ፣ ውሃ ከጎን ተቀምጦ፣ መምህር ባለበት። ከፕላስቲክ የተሠራ የወለል ንጣፍና አርቴፊሻል ቆዳ ግን አታቃጥሉ። ብዙዎቹ የሚሠሩበት ፒቪሲ የተባለ ፕላስቲክ ሲቃጠል የሚያወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

አዲሷ_ዲዛይነር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ! ቱቦዎቹን ሠራሁ። ሞገዱ ቁልቁል የወረደው በጣም ተሸከመ፣ አግድሙ ቶሎ ተሸበሸበ። ግን አንድ ነገር አላስተኛኝ አለ። አግድሙን ሳጥፈው ራሱ ጠርዞቹ ተሰባብረው ነበር። ታዲያ የወደቀው በሞገዱ አቅጣጫ ነው ወይስ ቀድሞ ተጎድቶ ስለነበር?

ጋሼ እውነቱን ልናገር፣ እርስዎም ቢሆኑ ምን ብናደርግ ደስ እንደሚልዎ ይንገሩን። የምሬን ነው።

መላጊያ

አየሽ? ይኸው ምርመራ ማለት። ማጠፉን ተዪው። ለእያንዳንዱ ቱቦ ሦስት ለየብቻ የተቆረጡ ጎኖች አዘጋጂና ጠርዛቸውን በወረቀት ፕላስተር አያይዢ። በሁለቱም ላይ ያው ፕላስተር፣ ያው ርዝመት። አሁን የተለየው አቅጣጫው ብቻ ነው። ያኛውንም የተሸበሸበውን አቅርቢ፤ ለምን እንደገና እንደሠራሽ የሚያሳየው እሱ ነው።

እንጨት ለያዙ ደግሞ በአጭሩ። ስስ ጣውላ አንድ ፊቱን ብቻ በእርጥብ ጨርቅ አርጥቡና አሳድሩት። የረጠበው ፊት ይሰፋል፣ ጣውላው ወደ ደረቁ በኩል ይጎብጣል። በርዝመቱ ለኩት፣ እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ የለም። እንጨት የሚሰፋውና የሚኮማተረው በጎኑ ነው። ኮምፔንሳቶ ንብርብሮቹ እየተሻገሩ የሚጣበቁት አንዱ ሌላውን እንዲይዝ ነው፤ ቁጥራቸውም ብዙውን ጊዜ ጎዶሎ የሚሆነው ሁለቱ ፊቶች ሚዛን እንዲጠብቁ ነው። ጠርዙን ቁጠሩት።

እውነቱን_ልናገር

ልጄ፣ ጥያቄሽ ወደድኩት። የላሜራን በረዶም ወደድኩ፤ ለእኔ ቢሮ ልጆች አሳያቸዋለሁ።

እኔን ደስ የሚለኝ ናሙና የሚያበላሽ ተማሪ ነው። ቦርድ ላይ የተለጠፈ ናሙና ምን ጊዜም አዲስ ነው። ደንበኛ የሚደውለው ግን ካረጀ በኋላ ነው። ስለዚህ የወለል ንጣፍ ናሙናውን ስቱዲዮ በር ላይ ጣሉትና ሰው ይርገጠው። ጨርቁን ግማሹን በወፍራም ወረቀት ሸፍናችሁ ፀሐይ ያለበት መስኮት ላይ ስቀሉት፤ ከሳምንታት በኋላ ወረቀቱን አንሱ። የተወለወለ እብነ በረድ ላይ አንድ ጠብታ አቼቶ አድርጉና ጥቂት ቆይታችሁ ጥረጉት፣ ከዚያ በጎን ብርሃን እዩት። ጠብታው የነበረበት ቦታ አንጸባራቂነቱን አጥቶ ደብዝዟል። ያ እድፍ አይደለም፤ በሳሙና አይለቅም። አሲዱ ድንጋዩን ራሱን በልቶታል። ግራናይት ላይ ድገሙት፤ እንደዚያ አይሆንም። ወጥ ቤት ገበታ ላይ እብነ በረድ ከመሳላችሁ በፊት ይህን ያየ እጅ ይኑራችሁ። ኤምዲኤፍና ቺፑድንም ጠርዛቸውን ውሃ ውስጥ አቁሟቸው። ከማስገባታችሁ በፊት ውፍረታቸውን ለኩ፣ ካወጣችሁ በኋላ ለኩ።

እያንዳንዱ ናሙና ጀርባ ላይ ስሙን፣ ውፍረቱን፣ ከየት እንደመጣና ቀኑን ጻፉ። ስም የሌለው ናሙና ቆሻሻ ነው። ይህን ስል አልለሳለስም።

ጀሶና_ሲሚንቶ

ክፍላችሁ ውስጥ ጀሶ ወይም ሲሚንቶ የመረጠ መኖሩ አይቀርም። ይህን አስተላልፊላቸው፤ ቀልድ የለበትም።

ጀሶ ሲበጠበጥ ዱቄቱ ወደ ውሃው ነው የሚገባው፣ ውሃው ወደ ዱቄቱ አይደለም። ሲጠነክር ይሞቃል። በብዛት ሲሆን 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊደርስ ይችላል። እጅን ጀሶ ውስጥ ነክሮ ቅርጽ ማውጣት ፈጽሞ አይሞከርም። እጁ ተይዞ ይቀራል፣ ሙቀቱም ያቃጥላል። የተረፈውን ሲንክ ውስጥ አትድፉ፤ ቱቦው ውስጥ ድንጋይ ይሆናል።

እርጥብ ሲሚንቶ ፒኤቹ ከ12 በላይ ነው፤ ማለትም ኃይለኛ አልካሊ ነው። ቆዳ ያቃጥላል፤ ክፋቱ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ላያም ይችላል። ጓንት አድርጉ፣ ከነካችሁ ወዲያው በብዙ ውሃ ታጠቡ። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቅ አይደለም፣ ከውሃው ጋር ተዋህዶ ነው። ስለዚህ ቶሎ እንዲደርቅ ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ በፕላስቲክ ሸፍኑት። ኮንክሪት ጥንካሬው የሚለካው በተለምዶ በ28ኛው ቀን ነው። ማስረከቢያው ቀን ከዚያ በፊት ከሆነ ናሙናው ላይ ዕድሜውን ጻፉ።

የጀሶም የሲሚንቶም የኤምዲኤፍም አቧራ ሲበዛ ማስክ። ከተር ስትጠቀሙ የብረት ማስመሪያ፣ ስለቱም አዲስ። የደነዘዘ ስለት ኃይል ያስጨምራል፣ ጣት የሚቆረጠውም ያኔ ነው።

ፎም_ያዝኩ

ከርዕስ አልወጣሁም አይደል? ነጭ ፎም ላይ ስፕሬይ ቀለም ስነፋ ለምን ይቀልጣል?

ላሜራ

ቀለሙ ውስጥ ያለው ማሟሟያ ፖሊስታይሪኑን ስለሚያሟሟው ነው። አንዳንድ ሙጫም እንዲሁ ያደርጋል። በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ተጠቀም። ወይም መቅለጡን ራሱን ያዘው፦ የትኛው ሙጫ ምን ያህል ይበላል፣ የተረፈው ፊት ምን ይመስላል። አየር በደንብ በሚገባበት ቦታ ግን።

ጆሮ

ስለ ድምፅ ማንም አላነሣም። ብዙ ጊዜ ይረሳል።

እ.ኤ.አ. በ1895 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አዲስ የተሠራው የፎግ ሙዚየም የትምህርት አዳራሽ መምህሩ የሚለው የማይሰማበት ሆነ። አንድ ቃል ከተነገረ በኋላ ከ5 ሰከንድ በላይ ክፍሉ ውስጥ ይንከራተት ነበር። ችግሩን እንዲፈታ የተላከው ወጣቱ የፊዚክስ መምህር ዋላስ ሴይቢን ከሌላ አዳራሽ የመቀመጫ ትራሶች እያስመጣ መደርደር ጀመረ። ሌሊት ሌሊት፣ ጸጥ ሲል። ትራስ ይጨምራል፣ የኦርጋን ቧንቧ ያስነፋል፣ ድምፁ እስኪጠፋ ሰዓት ይይዛል። ዛሬ የክፍል ድምፅ የሚሰላበት ቀመር ከዚያ ወጣ። በ1900 የተከፈተው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽም የተሠራው በእሱ ስሌት እየታገዘ ነው። ትራስ ተሸክሞ ነው የጀመረው።

እናንተ ደግሞ ባዶ ሣጥን ውስጥ ስልክ አስቀምጡና አንድ ዓይነት ድምፅ አስጩኹ። ሣጥኑን አንዴ በልሙጥ ፕላስቲክ፣ አንዴ በወፍራም ጨርቅ፣ አንዴ በካርቶን ሞገድ አልብሱት። ከላይ በትንሽ ቀዳዳ ቅረጹ። ወፍራሙ ጨርቅ ሹሉን ድምፅ ያለዝበዋል፤ ወፍራሙን ድምፅ ብዙም አይነካውም። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ማስተጋባት ቀነሰ ማለት ደግሞ ድምፁ ወደ ውጭ አይወጣም ማለት አይደለም። እነዚህን ሁለቱን የሚያምታታ ባለሙያ ሞልቷል።

ስቱዲዮ_ረዳት

የጆሮን ሣጥን ለቀጣዩ ሴሚስተር ወስጄዋለሁ፣ ይቅርታ ሳልጠይቅ።

አዲሷ ዲዛይነር፣ ካርቶንሽን በብርሃንም እዪው። በስሱ ሰንጥቂውና የሞገዱ ቀዳዳዎች ሁሉ ወደ አንቺ እንዲዞሩ አድርገሽ ደራርበሽ አጣብቂው። ፊት ለፊት ስትቆሚ ከኋላው ያለው መስኮት ይታይሻል። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ስትይ ይዘጋል፣ ግድግዳ ይሆናል። የስንጣቂውን ስፋት ብትጨምሪ ቶሎ ይዘጋል፣ ብትቀንሺ ይዘገያል። ያንን ስፋት ብቻ እየቀያየርሽ ጥቂት ቁራጮች ብትሠሪ ለክፍል መከለያ የሚሆን ሐሳብ በእጅሽ አለ፤ መከለያ ግን አትሥሪ፣ ተከልክላችኋል። አርክቴክቱ ፍራንክ ጌሪ እ.ኤ.አ. በ1972 ዊግል የተባለውን ወንበር ያወጣው ካርቶን ደራርቦ አጣብቆ ነው። የንብርብሮቹን አቅጣጫ እያቀያየረ ነው ጥንካሬ ያገኘው። እሱን ለማየት ግን ቁራጮችሽን እስክትጨርሺ ጠብቂ፣ አለዚያ ትቀጂዋለሽ።

መብራቱንም ለዋውጪ። በ2700 ኬልቪን (እዚህ ላይ የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) ቢጫ አምፖል ሥርና በመስኮት ብርሃን ያው ካርቶን ሁለት ቀለም ይሆናል። ጨርቅ የያዙ ልጆችም ቀን ላይ አንድ ዓይነት የመሰሏቸውን ሁለት ቁራጮች ማታ ደግመው ይዩ።

አዲሷ_ዲዛይነር

ዋው። የሚታየውና የሚዘጋው ነገር ገዛኝ፤ ዛሬውኑ ልጀምር ነው። ለማጣበቅ ምን ይሻላል? ትኩስ ሙጫ አለኝ፣ ኮላም አለኝ።

መላጊያ

ኮላ። ትኩስ ሙጫ በመሀል ጉብታ እየሠራ ንብርብሩን ያበላሽብሻል፤ ስንጣቂዎቹ እኩል አይቀመጡም። ኮላውን ግን በስሱ፣ በብሩሽ ቀቢ። ከበዛ ውሃው ካርቶኑን ያጣምመዋል፣ ሞገዱም ይላላል። ጥቂት ጥቂት እያጣበቅሽ በሁለት ልሙጥ ጣውላ መሀል አስገቢና ክብደት ጫኚበት። በጣም ከባድ ግን አይሁን፤ ሞገዱ ከተደፈጠጠ ቀዳዳው ይጠፋል። ጣውላው ላይ ፕላስቲክ አንጥፊ፣ አለዚያ አብሮ ይጣበቃል። እስከ ጠዋት አትንኪው።